የማይደክመው ተጋጣሚ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ፣ ጅማን አልፎ፣ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ፣ ደመና ከማይለየው የካፋ ደን መካከል ቦንጋ ከተማ የገባ መንገደኛ፣ ስለ ቡናና ስለ ማር ብዙ ሊሰማ ይዘጋጃል እንጂ ስለ ቼዝ ይነገረኛል ብሎ አይጠብቅም። ይሁን እንጂ ዘመኑ ያመጣው ትንሽ ዕቃ፣ በየወጣቱ ኪስ ያለው ስልክ፣ በኒው ዮርክና በሞስኮ ታላላቅ አዳራሾች ሲነሣና ሲወድቅ የኖረውን አንድ ብርቱ ክርክር ወደዚህች ከተማ ይዞት ገብቷል፤ ክርክሩም፣ ሰው የሠራው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሰውን፣ ያውም ከሰው መካከል ተመርጦ ግራንድማስተር የተባለውን ሊቅ፣ በሐሳብ ጨዋታ ሊረታው ይችላልን? የሚል ነው።

በክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ እየደበደበ መንገደኛውን ሁሉ ወደየበረንዳው ባስጠጋበት ሰዓት፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጡረታ ከወጡ መምህር አጠገብ ተቀምጦ ስልኩን ከቡና ስኒው ጐን አስደግፎ ይጫወታል። ነጩ የእርሱ፣ ጥቁሩ የፕሮግራሙ ነው። በንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት አራመደ፤ ቀጥሎ ንግሥቲቱን በሰያፍ እስከ ሰሌዳው ዳር አወጣት፤ ጳጳሱንም አስከተለ፤ ይህም በትምህርት ቤት ጓደኞቹን ሁሉ በአራት እርምጃ የሚያሸንፍበት የታወቀ ወጥመዱ ነው። ፕሮግራሙ ግን አንድ ፈረስ አወጣ፤ አንዲቱን ወታደር አንድ ቤት ገፋና ንግሥቲቱን ከቦታዋ አባረራት፤ እርስዋ ስትሸሽም ሁለተኛውን ፈረስ አስወጣ። ወጥመዱ በዚህ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሲጫወቱ፣ ተማሪው በየጊዜው ግንባሩን ይዞ ብዙ ደቂቃ ሲያስብ፣ ስልኩ ግን ገና ጣቱን ከመስተዋቱ ሳያነሣ መልሱን ይሰጠው ነበር። በመጨረሻ ንጉሡ በማዕዘን ተይዞ ሲቀር ልጁ ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይህን ነገር የሚረታ ሰው በዓለም ላይ ይኖር ይሆን?» ሲል ጠየቀ። መምህሩም ጥቂት ዝም ብለው፣ «ድሮ ነበረ፤ ዛሬ ግን የለም። ነገር ግን እንዴት እንደጠፋ ብታውቅ፣ መጥፋቱን ከማወቅ ይልቅ ይጠቅምሃል» አሉት።

የመምህሩ ቃል እውነት ነው፤ ይህም ጽሑፍ ዱካውን ይከተላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት፣ ዓ.ም. ከተባሉት በቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሰንጠረዥ በነገሥታት አደባባይ

ይህ ጨዋታ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስ አልፎ በዐረቦች እጅ በዓለም የተስፋፋው ጥንታዊው ቼዝ፣ ሰንጠረዥ ተብሎ በአገራችን መሳፍንትና መኳንንት ዘንድ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲወደድ የኖረ ጨዋታ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1520ዎቹ ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር በጽሑፍ ቀርቷል። በ19ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ለሰንጠረዥ የነበራቸውን ፍቅር ተመልክቶ ሲጽፍ፣ ተጫዋቾቹ የባላጋራቸውን ጠጠር በሚወስዱበት ጊዜ በኀይል መትተው ከቦታው ያስፈነጥሩት እንደ ነበር ይተርካል። ከእርሱም በኋላ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለ ጨዋታው ሕግ ሰፋ አድርጎ ጽፏል፤ የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስትም እነዚህን ምስክርነቶች ሰብስበው በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አትመዋል።

የሰንጠረዥ ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ መስመር የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ሲሆን፣ እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ ቤት አልነበረውም። በላዩም ንጉሥ፣ አማካሪው ፈርዝ፣ ፊል ወይም ሳባ፣ ፈረስ፣ የዛሬው ግንብ የሆነው ደርና የዛሬው ወታደር የሆነው መደቅ ይሰለፉበታል። በዙሪያው የተቀመጠው ሰው ዝም ብሎ ተመልካች አልነበረም፤ ጮክ ብሎ ይመክራል፣ ይቃወማል፣ አንዱ የሌላውን ምክር ያፈርሳል፤ አሽከር ከጌታው ፊት በሐሳብ የሚከራከርበት ሸንጎ ነበረ ማለት ይቻላል። ድሉም በማዕረግ የተለየ ነበር፤ በደር ወይም በፈረስ የተሰጠ ማት (ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ መርታት) እንደ ተራ ነገር ሲቈጠር፣ በመደቅ፣ በታናሺቱ ጠጠር፣ የተሰጠ ማት ግን ለተጫዋቹ ክብር ይሆነው ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የጨዋታው መክፈቻ ነው። ወረራ በሚባለው በዚህ ክፍል ተጫዋቾቹ ተራ አይጠባበቁም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪወሰድ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ እንደ ፈቃዱ፣ የሠራዊቱን አሰላለፍ ያበጃል፤ ዐይኑም ከባላጋራው እጅ አይነቀልም። አንደኛው ሰልፉ እንደ ተስተካከለለት ሲያምን ወይም የባላጋራውን ድካም ሲያይ ጠጠር ይወስዳል፤ ያን ጊዜ ወረራው ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ በተራ ይጫወታሉ።

ሰንጠረዥ በሰሜን መሳፍንት ግብር ቤት በሚነግሥበት በዚያ መዋዕል፣ ካፋ ታቶ በሚባል በራስዋ ንጉሥና ሚክሬቾ በሚባሉ ሰባት አማካሪዎች የምትተዳደር መንግሥት ነበረች፤ የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት እስኪያዙ ድረስም እንዲሁ ኖረች። ይህን የማነሣበት ምክንያት አለኝ። በዚያ ዘመን ጨዋታውን በደንብ መማር የሚችለው ወደ መኳንንቱ አዳራሽ የሚገባ ሰው ነበር፤ ዕውቀቱ ከሰው ወደ ሰው፣ ከቅርብ ወደ ቅርብ ይሄድ ነበርና፣ ከአዳራሹ የራቀ ሰው ከዕውቀቱም ይርቅ ነበር። ይህ የመራቅና የመቅረብ ነገር ከዚህ በታች ለምንናገረው ሁሉ ቍልፍ ነው።

ከተሸሸገው ሰው እስከ ሌቪ ውርርድ

ራሱን ችሎ ቼዝ የሚጫወት ዕቃ የመሥራት ምኞት ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። በ1770 ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፔለን የተባለ የኦስትሪያ ባለሟል፣ ቱርክ የሚመስል ምስል በትልቅ ሣጥን ላይ አስቀምጦ ብዙ መኳንንትን ያስደነቀ «ተጫዋች» ለንግሥት ማሪያ ቴሬዛ አቀረበ፤ ነገር ግን በሣጥኑ ውስጥ ብልህ ተጫዋች ሰው ተሸሽጎ ነበርና ያሸነፈው ሰው እንጂ ዕቃው አልነበረም። እውነተኛው ምርምር የተጀመረው በ1950 ነው፤ በዚያ ዓመት አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክላውድ ሻነን ኮምፒዩተር እንዴት ቼዝ ሊጫወት እንደሚችል መንገዱን በጽሑፍ አወጣ። እንግሊዛዊው አላን ቱሪንግም ፕሮግራሙን በወረቀት ጽፎ፣ የሚያስኬድለት ኮምፒዩተር ስላጣ፣ በ1952 ስሌቱን በገዛ እጁ እየሠራ ከባልደረባው ጋር ተጫወተበት፤ ለአንድ እርምጃ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስድበት ነበር፤ ፕሮግራሙም ተሸነፈ።

ከዚያ ወዲያ ተስፋው እየበዛ ሄደ። በ1968 ስኮትላንዳዊው ተጫዋች ዴቪድ ሌቪ በአሥር ዓመት ውስጥ ማንም ኮምፒዩተር አያሸንፈኝም ብሎ ከኮምፒዩተር ምሁራን ጋር ተወራረደ፤ በ1978 በቶሮንቶ የዘመኑን ብርቱ ፕሮግራም ሦስት ነጥብ ተኩል ለአንድ ተኩል ረትቶ ውርርዱን በላ። ነገር ግን ከአምስቱ ጨዋታዎች አንዱን ተሸንፎ ነበር፤ ይህም ለሚያስተውል ሰው ምልክት ነበረ። አሥር ዓመት ብቻ ቈይቶ፣ በ1988፣ ዲፕ ቶውት የተባለው ማሽን ታዋቂውን የዴንማርክ ግራንድማስተር ቤንት ላርሰንን በውድድር ላይ አሸነፈው።

ቀማሹና ቍጥሩ

ፕሮግራም የሚያስብበትን መንገድ ለማወቅ አስቀድሞ የጨዋታውን ስፋት ማሰብ ያስፈልጋል። ነጩ ሲጀምር 20 ዓይነት እርምጃ አለው፤ ጥቁሩም ሲመልስ እንዲሁ 20፤ ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ከተራመዱ በኋላ 400 ዓይነት አካሄድ ይኖራል፤ ነጩ ሁለተኛ ሲራመድ 8,902፣ ጥቁሩ ሁለተኛ ሲመልስ 197,281 ይደርሳል። ሻነን አንድ ሙሉ ጨዋታ ሊሄድባቸው የሚችለውን መንገዶች ሲገምት፣ አንድ ቍጥር ጽፎ 120 ዜሮ ከኋላው እንደ ማሰለፍ ሆነበት። ይህን ሁሉ ቈጥሮ የሚጨርስ ኮምፒዩተር አልተሠራም፤ ሊሠራም አይታሰብም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት ይመለከትና ይቆማል፤ በቆመበትም ቦታ፣ ይህ አሰላለፍ ለእኔ ምን ያህል መልካም ነው? ብሎ ይፈርዳል።

ፍርዱ እንዴት እንደሚሰጥ ለካፋ ሰው ለማስረዳት ከቡና ቀማሹ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ቀማሹ በተርታ ከተቀመጡት ስኒዎች በማንኪያ እየጨለፈ ይቀምሳል፣ ይተፋዋል፤ ሽታውን፣ ኮምጣጣነቱን፣ በአፍ ውስጥ የሚሰማውን ክብደት፣ ከተዋጠ በኋላ የሚቀረውን ጣዕም ለየብቻ እየመዘነ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቦቹም ተደምረው ከመቶ ይታሰባሉ፣ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘው ቡናም በልዩ ደረጃ ይመደባል። በዚህ ዓይነት ምላስ ብቻ የሚያውቀው ነገር ወደ ቍጥር ይለወጥና፣ የአንዱ ደን ቡና ከሌላው ጋር ይነጻጸራል። የቼዝ ፕሮግራምም እንዲሁ ያደርጋል፤ ለወታደር 1፣ ለፈረስና ለጳጳስ 3፣ ለግንብ 5፣ ለንግሥት 9 ይሰጣል፤ የንጉሡን መጠለያ፣ የወታደሮቹን አሰላለፍ፣ የተከፈቱትን መንገዶች ይመዝናል፤ ሁሉንም ደምሮ አንድ ቍጥር ያወጣል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ቀማሹ ብዙ ስኒ ሲቀምስ ምላሱ ይደክማል፣ ፕሮግራሙ ግን በሚሊዮን የሚቈጠር አሰላለፍ መዝኖ የመጨረሻውን እንደ መጀመሪያው አድርጎ ይፈርደዋል።

በዚህ ላይ አንድ ታላቅ ብልሃት ተጨመረ። አንድ እርምጃ ብራመድ ባላጋራዬ በአንድ መልስ ብቻ ያጠፋኛል ብሎ ያረጋገጠ ፕሮግራም፣ ባላጋራው ለዚያው እርምጃ ሊሰጣቸው የሚችላቸውን ሌሎች መልሶች መመርመር አያስፈልገውም፤ እርምጃው አስቀድሞ ውድቅ ሆኗልና። ይህ አላስፈላጊውን የመተው ሥርዓት፣ እርምጃዎቹ በመልካም ተራ ከቀረቡለት፣ ፕሮግራሙ በዚያው ጊዜ ሁለት እጥፍ ያህል አርቆ እንዲያይ ያስችለዋል።

ግንቦት 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ጋሪ ካስፓሮቭ ከ1985 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ ብዙዎችም ከእርሱ በፊት ከነበሩት ሁሉ የበረታ ነው ይሉት ነበር። በ1989 ዲፕ ቶውትን ሁለት ለባዶ አሸንፎ ሲሄድ፣ የሰው ልቡና ገና ለብዙ ጊዜ እንደሚገዛ የተረጋገጠ መስሎ ነበር። ነገር ግን ማሽኑን የሠሩት ፌንግ ሲዩንግ ሱና መሬይ ካምቤል ወደ አይቢኤም ኩባንያ ገብተው ሥራውን ቀጠሉ፤ ከእነርሱም ድካም ዲፕ ብሉ ተወለደ። የካቲት 2 ቀን 1988 ዓ.ም. በፊላደልፊያ፣ በመደበኛው የውድድር ሰዓት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በመንበሩ ላይ ያለ ሻምፒዮን በኮምፒዩተር ተሸነፈ፤ ይሁን እንጂ ካስፓሮቭ ቀጥሎ ሦስቱን አሸንፎ፣ ሁለቱን አቻ ወጥቶ፣ ግጥሚያውን አራት ለሁለት ወሰደ።

ሁለተኛው ግጥሚያ በኒው ዮርክ ሚያዝያ 25 ቀን 1989 ዓ.ም. ተጀመረ። ዲፕ ብሉ በዚህ ጊዜ ለቼዝ ብቻ የተሠሩ 480 ቺፖችን ይዞ፣ በሰከንድ እስከ 200 ሚሊዮን አሰላለፍ ይመረምር ነበር፤ አንድ ሰው በየሰከንዱ አንድ አሰላለፍ ብቻ እየተመለከተ፣ ሌት ከቀን ሳይተኛ ቢቀመጥ፣ ማሽኑ በአንድ ሰከንድ ያየውን ለማየት ከስድስት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የመጀመሪያውን ጨዋታ ካስፓሮቭ አሸነፈ። በሁለተኛው ግን ማሽኑ በስግብግብነት ጠጠር ከመውሰድ ይልቅ የባላጋራውን መተንፈሻ ቀስ በቀስ የሚዘጋ፣ ካስፓሮቭ ከሰው እንጂ ከማሽን ያልጠበቀውን ጨዋታ ተጫወተ፤ ሻምፒዮኑም ተስፋ ቈርጦ እጁን ሰጠ። በማግሥቱ ተንታኞች ሲመረምሩት፣ እጅ የሰጠበት አሰላለፍ አቻ ሊወጣበት የሚችል ሆኖ ተገኘ። ይህ ነገር ካስፓሮቭን ከሽንፈቱ ይልቅ ጐዳው፤ ማሽኑ ሁሉን አይቷል ብሎ ስላመነ የራሱን ዐይን አላመነምና።

ሦስት ጨዋታዎች አቻ ካለቁ በኋላ፣ ግንቦት 3 ቀን 1989 ዓ.ም. የመጨረሻው ደረሰ። ካስፓሮቭ በሰባተኛው እርምጃ አንዲት የዳር ወታደር አራመደ፤ ዲፕ ብሉም ፈረሱን መሥዋዕት አድርጎ የጥቁሩን ንጉሥ መጠለያ ሰበረው። በ19ኛው እርምጃ፣ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ከተጫወቱ በኋላ፣ የዓለም ሻምፒዮን እጁን ሰጥቶ ከመድረኩ ወረደ፤ ውጤቱም ሦስት ተኩል ለሁለት ተኩል ሆነ። ካስፓሮቭ በሁለተኛው ጨዋታ የሰው እጅ ገብቷል ብሎ ጠረጠረ፤ ሠሪዎቹ አስተባበሉ፤ ድጋሚ ግጥሚያም ጠየቀ፤ አይቢኤም ግን ማሽኑን ከውድድር አወጣው።

የቦን ሽንፈት

ከዚህ በኋላ ጥቂት ዓመታት ሰውና ፕሮግራም እኩያ መስለው ቈዩ። ቭላዲሚር ክራምኒክ በ2002 በባሕሬን ከዲፕ ፍሪትዝ ጋር አራት ለአራት ወጣ፤ ካስፓሮቭም በ2003 ከዲፕ ጁኒየር ጋር ሦስት ለሦስት ወጣ። ሚዛኑ ያዘነበለው በ2005 ሲሆን፣ በለንደን ሃይድራ የተባለ ማሽን የእንግሊዙን ግራንድማስተር ማይክል አዳምስን አምስት ተኩል ለግማሽ ነጥብ ደመሰሰው።

በ2006 ኅዳር ወር ክራምኒክ፣ በዚያ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ፣ በጀርመን አገር በቦን ከተማ ከዲፕ ፍሪትዝ ጋር ዳግመኛ ተቀመጠ። በሁለተኛው ጨዋታ ጥቁሩን ይዞ በመልካም ተጫውቶ ነበር፤ በ34ኛው እርምጃ ንግሥቱን በእርጋታ አንቀሳቅሶ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ስኒውን አንሥቶ ወደ ማረፊያ ክፍሉ ለመሄድ ተዘጋጀ። የፕሮግራሙን እርምጃ በሰሌዳው ላይ የሚፈጽመው ሰው ግን አንድ ጊዜ ሰሌዳውን፣ አንድ ጊዜ ኮምፒዩተሩን ይመለከት ነበር፤ ያየውን አላመነምና። በኮምፒዩተሩ ላይ የተጻፈው፣ በአንድ እርምጃ ማት፣ የሚል ነበር። ሰውዬው የነጩን ንግሥት አንሥቶ በጥቁሩ ንጉሥ አጠገብ ባኖራት ጊዜ፣ ክራምኒክ ግንባሩን ያዘ፤ ተቀመጠ፤ የውጤት ወረቀቱን ፈረመ። ማንኛውም ጀማሪ ሊያየው የሚችለውን ማት የዓለም ሻምፒዮን አላየውም። ግጥሚያውም አራት ለሁለት በፕሮግራሙ አሸናፊነት ተፈጸመ።

በዚህ ታሪክ ክራምኒክን ማንቋሸሽ አይገባም። ከሰው ተፈጥሮ ውስጥ ድካምና መዘንጋት አሉ፤ ሊቁ ሺህ መልካም እርምጃ ተራምዶ በሺህ አንደኛው ሊስት ይችላል። ፕሮግራሙ የበለጠው በዚህ ነው፤ ሰው በአንድ ቀን አምስት ሰዓት አስቦ በስድስተኛው ሲዝል፣ ማሽኑ በስድስተኛውም ሰዓት እንደ መጀመሪያው ነው።

ወደ ኪስ የገባው ሻምፒዮን

በ2009 በቦነስ አይረስ በተደረገ ውድድር፣ ፖኬት ፍሪትዝ 4 የተባለ ፕሮግራም በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ ሆኖ ከአሥር ጨዋታ ዘጠኙን አሸንፎ፣ አንዱን አቻ ወጣ። በሰከንድ የሚመለከተው ከ20 ሺህ ያነሰ አሰላለፍ ብቻ ነበር፤ ማለት የዲፕ ብሉን አንድ አሥር ሺኛ እንኳ አይሆንም፤ ያሸነፈው ግን የማየው ምንድር ነው? የሚለውን ጥያቄ በተሻለ ብልሃት ስለ መለሰ ነው።

ታላቁ ለውጥ ግን በ2017 ታኅሣሥ ወር መጣ። ዲፕማይንድ የተባለ ኩባንያ አልፋዜሮ የሚባል ፕሮግራም ሠርቶ ከሕጉ በቀር ምንም የቼዝ ዕውቀት አልሰጠውም፤ ለንግሥት 9፣ ለግንብ 5 ብሎ አላስተማረውም። ፕሮግራሙ 44 ሚሊዮን ጨዋታዎችን ከራሱ ጋር ብቻ እየተጫወተ፣ የትኛው አሰላለፍ ወደ ድል እንደሚያደርስ ራሱ ተማረ፤ ከዚያም የዘመኑን ኀያል ፕሮግራም ስቶክፊሽን በ100 ጨዋታ ገጥሞ 28 አሸነፈ፣ 72 አቻ ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም። ስቶክፊሽ በሰከንድ 70 ሚሊዮን ያህል አሰላለፍ ሲመለከት፣ አልፋዜሮ የተመለከተው 80 ሺህ ያህል ብቻ ነበር። አንዳንድ ሊቃውንት ግጥሚያው ለስቶክፊሽ ፍጹም የተስተካከለ አልነበረም ብለው ተከራክረዋል፤ ይሁንና ትምህርቱ አልጠፋም፤ ስቶክፊሽ ራሱ በ2020 እንዲሁ ከልምድ የሚማር መመዘኛ ተጨመረለትና ከቀድሞው በጣም በረታ።

ዛሬ በሰውና በፕሮግራም መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደ ሆነ፣ የተጫዋቾች ብርታት በሚለካበት ነጥብ ሊነገር ይችላል። ግራንድማስተር ለመባል ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ 2500 ነጥብ መድረስ ነው፤ ሰው ከደረሰበት ሁሉ ከፍተኛው ማግኑስ ካርልሰን በ2014 ያገኘው 2882 ነው፤ ታላላቆቹ ፕሮግራሞች በራሳቸው የውድድር መዝገብ ከ3500 በላይ ተመዝግበዋል። በሁለት ተጫዋቾች መካከል የ400 ነጥብ ልዩነት ካለ ጠንካራው በጨዋታ ከሚገኘው 11 ነጥብ 10 ያህሉን ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ግራንድማስተሮች ከፕሮግራም ጋር እኩል ተሰልፎ መጋጠምን ትተዋል፤ በ2016 አሜሪካዊው ሂካሩ ናካሙራ ኮሞዶ ከተባለ ፕሮግራም ጋር በቅድሚያ ብልጫ እየተሰጠው አራት ጊዜ ተጫውቶ፣ ሦስቱን አቻ ወጥቶ አንዱን ተሸንፏል። እንግዲህ የተማሪው ጥያቄ መልስ አግኝቷል።

ወረራው ሲጨመር

ከዚህ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ፣ የእኛ ሰንጠረዥስ? ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። የቼዝ ፕሮግራም ሁሉ የተሠራው፣ እኔ ልራመድ፣ አንተ ትመልስ፣ እንደገና እኔ፣ በሚል ተራ ላይ ነው፤ በወረራ ጊዜ ግን ተራ የለም። ባላጋራዬ አሁን ምን እያሰበ ነው? ልምታው ወይስ ልጠብቅ? እኔ ስጠብቅ እርሱ ቢቀድመኝስ? የሚለውን ፍርድ የሚያዝዘው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የተለመደው ስሌት እንደ ተጻፈ አይሠራለትም። ነገር ግን ራሳችንን ማታለል አይገባንም፤ በ2017 ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራም የባላጋራው ካርታ በማይታይበት በፖከር ታላላቅ ተጫዋቾችን አሸንፏል፤ በ2019ም አልፋስታር ሁለቱም ወገን ያለ ተራ በሚዋጋበት በስታርክራፍት ጨዋታ ባለሙያዎችን ረትቷል። ወረራውንም ማሽን ሊማረው ይችላል፤ የሚያሳፍረው ማሽን መማሩ ሳይሆን፣ እኛ ሳንማረው ማሽን ሊያስተምረን የሚችልበት ቀን ቢመጣ ነው።

መምህሩ ወዴት አለ?

ዋናው ጉዳይ እነሆ። ካስፓሮቭ በባኩ ተወልዶ በአሥር ዓመቱ በሚካኤል ቦትቪኒክ የቼዝ ትምህርት ቤት ገብቶ ስለ ተማረ የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን የሚያበቃ መንገድ ተከፍቶለት ነበር፤ በዚያው ዘመን በካፋ የተወለደ ልጅ፣ ምንም ያህል ብሩህ ልቡና ቢሰጠው፣ ከትምህርት ቤቱ በር የሚያልፍበት መንገድ አልነበረውም። ከሰሐራ በታች ካለው አፍሪካ ዛምቢያዊው አሞን ሲሙቶዌ በ2009 ግራንድማስተር እስኪሆን ድረስ የተቈጠሩትን ዓመታት ስናስብ፣ ያጐደለው የአእምሮ ማነስ ሳይሆን የመምህር መራቅ እንደ ነበር እንረዳለን። ቀድሞ ከመኳንንቱ አዳራሽ፣ ኋላ ከሞስኮ ትምህርት ቤት የራቀ ሰው ከዕውቀቱ ይርቅ ነበር። ዛሬ ግን ስቶክፊሽ በነጻ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው፤ አንድ ጊዜ በስልክ ላይ ከተጫነ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል፤ ስለዚህ ከዓለም ሻምፒዮን የሚበልጥ ተጋጣሚ፣ መብራት በሚቋረጥበት ምሽት እንኳ፣ በቦንጋ አለ።

ይሁን እንጂ ብርቱ ተጋጣሚ ማግኘትና መልካም ትምህርት ማግኘት አንድ አይደሉም። ማሽኑ የተሻለውን እርምጃ ያሳያል እንጂ ምክንያቱን በሰው ቋንቋ አያስረዳም፤ ራሱ ሳያስብ መልሱን የሚጠይቅ ልጅም ጠያቂ እንጂ ተጫዋች አይሆንም። በ2024 ታኅሣሥ በሲንጋፖር በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሕንዳዊው ጉኬሽ ዶማራጁ፣ አሠልጣኙ በመከረው መሠረት፣ 2500 ነጥብ ገደማ እስኪደርስ ድረስ በፕሮግራም አይሠለጥንም ነበር፤ አስቀድሞ በራሱ ማሰብን ተማረ፣ ማሽኑ ከዚያ በኋላ መጣለት። ለቦንጋ ልጆች የሚበጀው ሥርዓት ከዚህ ይወሰዳል፤ ሁለት ልጆች በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጫወቱ፣ እርምጃቸውን በደብተር ይጻፉ፣ የት እንደ ተሳሳቱ በመጀመሪያ ራሳቸው ይፈልጉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ስልኩ ይከፈትና ያዩትን ካላዩት ጋር ያነጻጽሩ። የማሽኑን ምክር በውድድር መካከል በስርቆት መጠየቅ ግን ጨዋታውን መግደል ነው፤ በ2019 በስትራስቡርግ ውድድር ላይ ስልክ ይዞ በመጸዳጃ ቤት የተገኘ ግራንድማስተር በዚህ ምክንያት ማዕረጉን አጥቷል።

ማሽኑ ሊሰጠን የማይችለው ነገር ማኅበሩ ነው። ጓደኛ፣ ሰሌዳ፣ የተወሰነ ሰዓት፣ ታናሹ ታላቁን ሳይፈራ የሚከራከርበት ቦታ፣ ይህን ሁሉ ማደራጀት የእኛ ሥራ ነው። የሚጠየቀውም ከዐቅም በላይ አይደለም። የቼዝ ሰሌዳና ጠጠር የከተማው እንጨት ሠራተኛ ሊሠራቸው ይችላል፤ በየትምህርት ቤቱ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ቢለይ፣ በዩኒቨርሲቲም ክበብ ቢቋቋምና ተማሪዎቹ የታናናሾቻቸው አሠልጣኞች ቢሆኑ፣ የሰንጠረዥንም ሕግ የሚያውቁ አረጋውያን በየትም አገር ቢገኙ ሕጉ ከነወረራው ተጽፎ በትምህርት ቤት ከዘመናዊው ቼዝ ጐን ቢሰጥ፣ ይበቃል። ለብዙ መቶ ዓመታት የጐደለው ብርቱ ተጋጣሚ ዛሬ በእጃችን ገብቷል፤ እኛም የድርሻችንን ካደረግን፣ ከካፋ ምድር ግራንድማስተር መውጣቱ የዕድል ነገር መሆኑ ቀርቶ የትጋት ነገር ይሆናል።